ዳማ ሰው አገኘች (ረጅም ነው ታገሱኝ)

ሁለት_ጆሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። "ያቺ ውሻ ምን ደረሰች" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ ለአንድ ለአንድ ከምመልስ እዚህ ልዘርግፈው ብዬ ነው። በአጭሩ ዳማ ድናለች፣ ሰውም አግኝታለች። ረጅሙን የማይፈልግ እዚህ ጋር ይውረድ ሃሃሃ

ለማታውቋት፣ ዳማ በበጎ ፈቃድ የምሰራበት መጠለያ የመጣች ሴት ውሻ ናት። በጥርሷ ሲገመት 4 ዓመት ገደማ። ቀለሟ ዳማ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት ከዛ በፊት የካጅ ቁጥር ብቻ ነበረች። ስትመጣ 12 ኪሎ፣ በአጥንቷ ግን 20 መሆን የነበረባት ናት። ውሻ የሚለካበት ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የሰውነት ሁኔታ መለኪያ አለ፣ 4 እና 5 ነው ጥሩው፣ እሷ የተሰጣት 1 ነው። 1 ማለት ጎድኗም ዳሌዋም አከርካሪዋም ከሩቅ ይቆጠራል፣ ስቡ አልቆ ጡንቻው ተበልቷል ማለት ነው። ቆዳዋ እከክ፣ ጆሮዋ መዥገር፣ ደሟ ሲታይ ደግሞ የልብ ትል። አንገቷ ዙሪያ የገመድ ቁስል ነበራት፣ ማን አስሯት ከየት አምልጣ እንደመጣች ማንም አያውቅም፣ እኔም ማሰብ ትቼዋለሁ ምክንያቱም ማሰቡ ለሷ ምንም አይጨምርላትም።

እሺ በሽታው መድሃኒት አለው። ያስቸገረን ፍርሃቷ ነው። ካጇ ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች፣ ሰው እያያት አትበላም፣ ውሃ እንኳን የምትጠጣው መብራት ሲጠፋ ነው። እና መጠለያ ውስጥ ሁሉም ሰው ያዝናል አይደል፣ እያንዳንዱ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ካጇ ጋር ተንበርክኮ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ ምስኪን" እያለ እጁን ይዘረጋል እሷ ትንቀጠቀጣለች፣ በኋላ የካጇ በር ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ "አታናግሯት። አትዩዋት። ምግቡን አስቀምጣችሁ ሂዱ።" ጨካኞች መስለን ነበር። ግን ዳማን ያዳናት ይሄ ወረቀት ነው ብል አላጋነንኩም። ሰዉ ፍቅር ሲል ማቀፍ ነው የሚመስለው፣ ለፈራ ውሻ ግን ትልቁ ፍቅር እሱን አለማየት ነው፣ ይሄ ስንት ሰው እንደሚያስቀይም አውቃለሁ።

ከዛ እኔ ጋር ፎስተር መጣች፣ ማለትም ቋሚ ቤት እስክታገኝ እኔ ቤት። የመጠለያ ጩኸት ታውቁታላችሁ፣ ሁሉም ባንዴ ሲጮሁ 100 ዴሲቤል ያልፋል፣ የፈራ ውሻ እዛ ውስጥ እንዴት ብሎ ይረጋጋል። ቤቴ ውስጥ አንድ ጥግ ሰጠኋት፣ ካጁን በብርድ ልብስ ሸፍኜ በሩን ክፍት ተውኩት። ማታ ማታ መሬት ላይ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀምጬ ስልኬ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ዜና፣ የዚህን መድረክ ጭቅጭቅ፣ የዕቃ ማስታወቂያ፣ ምንም ይሁን። ድምፄን እንድትለምድ ነው። በየመሃሉ አንድ ቁራሽ ስጋ ወደ ኋላ እወረውራለሁ፣ ዞሬ አላይም። መጀመሪያ እኔ ስነሳ ነበር የምትበላው፣ ከዛ እያነበብኩ፣ ከዛ አንድ ማታ ስጋውን ሳልወረውር ክርኔ ስር የሆነ እርጥብ ነገር ነካኝ። አፍንጫዋ ነው። ማንበቤን አላቋረጥኩም ግን ምን እንዳነበብኩ አትጠይቁኝ።

የቀረውን ከታች እቀጥላለሁ፣ ስለ ህክምናው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክ_ጭራ ይመጣና ከኔ በተሻለ ይነግራችኋል።

ሚሚ_ድመቷ፦

ቢሮ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፣ አለቃዬ "ምነው አለቀስሽ" አለችኝ፣ ጉንፋን ነው አልኳት። እኔ እኮ የድመት ሰው ነኝ!! አንጀቴን በላችው እኮ። ቀጥዪ ቶሎ

ምንአገባኝ፦

ሰው እየተራበ ለውሻ ስጋ ትወረውራላችሁ። ቅድሚያ ለሰው አይሻልም ወይ። በዛ ላይ የጎዳና ውሻ ነክሶ ቢያሳብድሽስ

ጋሽ_ዝምታ፦

ምንአገባኝ፣ ልጄ፣ ስምህ ራሱ መልሱን ይዟል። ለተራበ ሰው የሚሰጥ እጅ ለተራበ ውሻም ይሰጣል፣ እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ለአንዱ የሚሰስት ለሌላውም ነው የሚሰስተው። አንተ ለሰው የምታደርገውን ንገረንና እናመስግንህ።

ዶክ_ጭራ፦

ጋሼ መልሰውታል፣ እኔ ስለ እብደቱ ብቻ ልበል ምክንያቱም ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚገባባቸው መንገዶች እስከ 99 በመቶ ድረስ በውሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ለዛ ነው መጠለያ የሚሰሩ ሰዎች ራሳቸው ቀድመው የሚከተቡት። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጥባላችሁ፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ህክምና፣ "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ ማደር የለም። ግን የመጠለያ ውሻ ማለት የተመረመረ፣ የተከተበ፣ በክትትል ስር ያለ ውሻ ነው እኮ። በር ላይ ታስሮ ክትባት አይቶ ከማያውቀው የጎረቤት ውሻ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ እሱ አይደለም።

አዲስ_ባለውሻ፦

ዶክተር ይቅርታ አንድ ጥያቄ። እኔም ከመጠለያ አንድ ከሲታ ውሻ ወስጃለሁ፣ ሰዎቹ ምግብ በጣም በትንሽ በትንሹ ስጠው አሉኝ፣ እሱ ደግሞ እያየኝ ያለቅሳል። ለተራበ ውሻ ምግብ መከልከል ምን አይነት ነገር ነው? ሳህን ሙሉ ብሰጠውስ?

ዶክ_ጭራ፦

አዲስ፣ እንዳታደርገው ወንድሜ። ይሄንን ሁሉም ያንብበው እባካችሁ።

ረጅም ጊዜ የተራበ ውሻ ሰውነቱ ስልቱን ቀይሯል፣ የራሱን ስብና ጡንቻ እያቃጠለ ነው የቆየው። ድንገት ሳህን ሙሉ ምግብ በተለይ ሩዝ ዳቦ ምናምን ሲገባ ኢንሱሊን ባንዴ ይለቀቃል፣ ኢንሱሊኑ ደግሞ ደም ውስጥ የቀረችውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ጠራርጎ ወደ ሴል ያስገባል። ደም ውስጥ ያለው ሲያልቅ ልብ ምቷ ይዛባል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ መተንፈስ ይከብዳል። በረሃብ ያልሞተው ውሻ በጥጋብ የሚሞተው እንደዚህ ነው። በሰውም ያው ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጻ የወጡ እስረኞች ላይ ታይቷል።

ስለዚህ በየ6 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፣ ፕሮቲንና ስብ ያለው ጥሩ ምግብ፣ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በታች ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ስንት ይበቃዋል ለሚል፣ የውሻ የእረፍት ጊዜ ካሎሪ ክብደቱ በኪሎ ወደ 0.75 ከፍ ተደርጎ በ70 ሲባዛ ነው። 12 ኪሎ ለነበረችው ዳማ ሲሰላ 450 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ እኛ የጀመርነው ከዛ በታች ነው። ለቀልድ አይደለም፣ ስልክ ላይ ካልኩሌተር አለ። እና ማልቀሱ ልብ ይሰብራል አውቃለሁ፣ ግን ደም ምርመራ ሳይደረግ መጠኑን እንዳትጨምር።

አዲስ_ባለውሻ፦

እሺ ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ሳህኑን መልሼዋለሁ፣ እሱ ግን አኩርፎኛል

ሚሚ_ድመቷ፦

የልብ ትል የሚለው ነገር አስፈራኝ። ወደ ድመቴ ይተላለፋል እንዴ? ሰውስ?

ዶክ_ጭራ፦

ከውሻ ወደ ውሻ በመነካካት በፍጹም አይተላለፍም፣ መሃል ላይ ትንኝ (ቢምቢ የምንላት) የግድ ያስፈልጋል። ትንኟ ከታመመው ውሻ ደም ስትመጥ የትሉን ልጆች ትወስዳለች፣ በሷ ሆድ ሁለት ሳምንት ገደማ አድገው ሌላ ውሻ ስትነክስ ይገባሉ፣ ከ6 ወር በኋላ ልብና ሳንባን በሚያገናኘው ደም ስር ውስጥ ትልቅ ትል ይሆናሉ። ሴቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ እስከ 7 ዓመትም ትኖራለች። ድመትንም ይይዛል ግን ለትሉ አይመቸውም፣ ሰው ላይ ከስንት አንዴ ነው። ለድመትሽም በየወሩ የሚሰጥ መከላከያ አለ ጠይቂ።

ህክምናው ነው ከባዱ። መጀመሪያ ዶክሲሳይክሊን ለአንድ ወር፣ ትሉ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ እሱን ይገድላል ትሉም ይደክማል። ከዛ ሜላርሶሚን የሚባል መርፌ፣ የአርሴኒክ ዘር ነው፣ ወገብ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ ይሰጣል ያማል። አንድ መርፌ ከተሰጠ ከወር በኋላ ሁለት መርፌ በ24 ሰዓት ልዩነት። ትሉ ሲሞት ደግሞ በአስማት አይጠፋም፣ ይበጣጠስና በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ውሻው ከሮጠ ልቡ በኃይል ስትገፋ ስብርባሪው ደም ስር ይዘጋል። መርፌውን ችለው በሩጫ የሞቱ ውሾች አሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ ጀምሮ ከመጨረሻው በኋላ ሁለት ወር ገደማ ድረስ እረፍት ነው፣ ለሽንት በማሰሪያ ወጥቶ መመለስ ብቻ። ሁለት_ጆሮ ይሄን ክፍል ራሷ ትንገራችሁ፣ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ነበር።

ሁለት_ጆሮ፦

ዶክ ሚስጥር አይጠብቅም ሃሃሃ

አዎ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ዳማ ስትመጣ እንኳን ልትሮጥ ቆማም አትሄድም ነበር። በህይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጫወት ያማራት መቼ ነው ብትሉ ልክ በዛ የእረፍት ጊዜ ውስጥ!! ክብደቷ ጨመረ፣ እከኩ ለቀቀ፣ ጸጉሯ ወጣ፣ ማሳከኩ ሲተዋት እንቅልፍ መተኛት ጀመረች፣ ከዛ አንድ ጠዋት ፊቴ መጥታ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ቂጧን ወደ ላይ፣ ታውቁታላችሁ "እንጫወት" የሚሉበትን። ይሄንን ስጠብቅ ነበር እኮ ስንት ጊዜ። እና እኔ ምን አደረግኩ፣ ማሰሪያ አስሬ "አይቻልም" አልኳት። ዶክ ጋር የደወልኩት ያን ቀን ነው።

ያዳነን የአፍንጫ ጨዋታ ነው። ፎጣ መሬት ላይ ትዘረጋላችሁ፣ ደረቅ ምግቧን ትበትኑበታላችሁ፣ ትጠቀልሉታላችሁ፣ እሷ በአፍንጫዋ እየፈታች ትለቅማለች። ካርቶን ውስጥ ወረቀት ጨምቃችሁ መሃሉ ስጋ መደበቅ። ውሻ አፍንጫው ሲሰራ አዕምሮው ይደክማል፣ ሳይሮጥ ይደክማል። ለሁሉም ውሻ እመክራለሁ ለታመመ ብቻ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ጫማ የሚበላ ውሻ ያላችሁም ሞክሩት።

ነብሮ77፦

እኔ ግን ይሄ ሁሉ ማሞላቀቅ አይገባኝም። ውሻ የተኩላ ዘር ነው፣ አለቃ ይፈልጋል። ጥግ ተደብቃ ስትቀር ጎትተሽ አውጥተሽ ማን አዛዥ እንደሆነ ብታሳያት በሳምንት ይለቃት ነበር። እኔ ሶስት ውሻ አሳድጌያለሁ አንዱም አይፈራም። አንቺ ግን ጀርባሽን ሰጥተሽ ዜና ታነቢያለሽ

ሁለት_ጆሮ፦

ወንድሜ አንተ ያሳደግካቸው ከቡችላነት ይዘሃቸው ነው፣ ዳማን ማን ምን እንዳደረጋት አናውቅም፣ አንድ አይደለም።

ዶክ_ጭራ፦

ነብሮ ይሄ የአለቃ ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሩዶልፍ ሸንከል የሚባል ተመራማሪ በ1947 ባዝል መካነ አራዊት የታሰሩ ተኩላዎችን አጥንቶ ስለ ሹመት ትግላቸው ጻፈ። ችግሩ እነዛ ተኩላዎች የማይተዋወቁ፣ ከየቦታው ተለቅመው አንድ ግቢ የታጎሩ ናቸው፣ እና ይጣላሉ፣ ማን አይጣላም። ዴቪድ ሜች የሚባለው አሜሪካዊ በ1970 ይሄንኑ ሀሳብ አስፋፋው። ኋላ ግን ራሱ ሜች ካናዳ ጫፍ ኤልስሚር ደሴት ዱር ያሉ ተኩላዎችን በየበጋው እየሄደ አየና በ1999 ያወጣው ጽሁፍ ሌላ ሆነ፦ የዱር ተኩላ መንጋ ማለት እናትና አባት ከነልጆቻቸው ነው፣ "አለቃ" የተባሉት ወላጆች ናቸው፣ ማንም ታግሎ አልተሾመም። ሀሳቡን ያስፋፋው ሰውዬ ራሱ ትቶታል፣ እኛ ውሻ ላይ ይዘነው ቀረን።

የፈራን ውሻ ጎትተህ ስታወጣው ደግሞ ጸጥ ይላል እውነት ነው። ተረጋግቶ ግን አይደለም፣ ተስፋ ቆርጦ ነው። ማጉረምረም ነውር ነው ብለህ ካስተማርከው ደግሞ አንድ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል፣ እኔ ክሊኒክ ውስጥ "ያለምንም ምክንያት ነከሰ" ተብለው የሚመጡት አብዛኞቹ ማስጠንቀቂያቸውን የተቀሙ ናቸው።

ነብሮ77፦

ሸንከል ምናምን አላውቅም፣ የኔ ውሾች ግን ደህና ናቸው። በቃ አልተስማማንም

ጋሽ_ዝምታ፦

ሁለት_ጆሮ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔ ውሻ ካረፈ ቆይቷል፣ ልጆቼ "ቡችላ እናምጣልህ" ይሉኛል፣ እኔ ግን ቡችላ የሚሮጠውን ሩጫ ጉልበቴ አይችለውም። ትልቅ ውሻ ከመጠለያ ብወስድ ይለምደኛል ወይስ የድሮ ሰዉን ሲፈልግ ይኖራል?

ሁለት_ጆሮ፦

ጋሼ በጣም ይለምድዎታል! እንዲያውም ለእርስዎ ትልቅ ውሻ ነው የምመርጥልዎ። ቡችላ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ የ7 የ8 ዓመት ውሻ ግን ያው የሚያዩት ነው፣ ጠባዩ ተቀምጧል፣ ሽንቱን ያውቃል፣ ቀኑን ግማሽ ይተኛል። መጠለያ ውስጥ የሚረሱት እነሱ ናቸው፣ ሰው መጥቶ በቀጥታ ቡችላ ጋር ነው የሚሄደው። ሲሄዱ "ዝም ያለ፣ ማሰሪያ የማይጎትት፣ እድሜው የገፋ" ይበሏቸው፣ የሚያውሉት ሰዎች ከፎቶው በላይ ያውቁታልና እነሱን ይመኑ።

አዲስ_ባለውሻ፦

የኔው ደግሞ ከአልጋ ስር አልወጣም ብሏል። ማታ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። እንግዳ ሁሉ ሊያየው ይመጣል፣ እናቴም "ይሄ ውሻ ነው ወይስ አይጥ" አለች። ምን ላድርግ?

ሁለት_ጆሮ፦

እንግዳ አቁም! መጀመሪያ ነገር እሱ ነው። አዲስ ቤት የገባ ውሻ የሚባልለት 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚል ልማድ አለ። በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሰዓት ያውቃል፣ በ3 ወር ቤቴ ነው ይላል። ሳይንስ አይደለም፣ ዳማ እጥፍ ነው የወሰደባት፣ ግን ሰው በሁለተኛው ቀን "አልወደደኝም" ብሎ እንዳይመልስ ይጠቅማል። ከአልጋ ስር አታውጣው። ምግቡን እዛው ስጠው፣ በየቀኑ ሳህኑን ትንሽ ትንሽ ወደ ውጪ አርቀው። ቀጥ ብለህ አትሂድበት፣ ጎንህን ሰጥተህ ሂድ፣ ከላይ አትጎንበስበት፣ አናቱን አትንካ፣ መንካት ከፈቀደ ደረቱን ወይ ጎኑን፣ ሁለት ሶስት ጊዜ አሸት አሸት አድርገህ እጅህን አንሳ። እሱ ራሱ ወደ አንተ ከተጠጋ ቀጥል ማለቱ ነው፣ ከራቀ በቃኝ ነው።

ደግሞ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ የአይኑ ነጭ በጎን ከታየ፣ ፈርቷል ማለት ነው ራቅ በል። ሰው ጭራ ብቻ ነው የሚያየው።

እና አደራ አደራ፣ ስታወጣው ሁለት ማሰሪያ፣ አንዱ አንገቱ ላይ ባለው ኮላር (የአንገት ቀበቶ)፣ አንዱ ሃርነሱ (ደረትና ጀርባውን የሚይዘው የቀበቶ ልብስ) ላይ። የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት ኮላር በጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል። አዲስ የገቡ ውሾች የሚጠፉት በብዛት መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው፣ ቤታቸው የት እንደሆነ ገና አያውቁማ። ከጠፋ ደግሞ አታሯሩጠው፣ ስሙን እየጮህክ አትከተለው፣ መሬት ላይ ቁጭ በል።

ሚሚ_ድመቷ፦

እሺ አሁን ወደ ዳማ!! ማን ወሰዳት? እንዴት ሰጠሻት? እኔ ብሆን በሩን ቆልፌ እቀመጥ ነበር

ሁለት_ጆሮ፦

የመጨረሻው መርፌና እረፍቱ ካለቀ፣ ማምከኗም ከተሰራ በኋላ ፎቶዋን ለቀቅን። ብዙ ሰው ጻፈ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቤት ቀረ።

አንደኛው ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ ልጆች፣ ግቢ፣ እንግዳ የማይቋረጥበት፣ እናትየዋ ፎቶዋን አይታ አልቅሳለች፣ አልጋ ገዝተዋል፣ ስም አውጥተዋል፣ ከእግር እስከ ራስ ፍቅር ናቸው። ሁለተኛው ባልና ሚስት፣ ልጅ የላቸውም፣ ሚስትየው ከቤት ነው የምትሰራው፣ ሰውየው ብዙ አያወራም። ዳማን ሊያዩ ሲመጡ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሚስትየው ገብታ ሰላም ብላኝ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ስለ ቧንቧዬ መንጠባጠብ ማውራት ጀመረች። ዳማን አንዴም አላየቻትም። ሰውየው ኪሱ ውስጥ ትሪት (ለውሻ የሚሰጥ ማባበያ ቁራሽ) ነበረው፣ አንዱን መሬት ላይ ጣል አድርጎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ምንም ሳልነግራቸው እኮ! ዳማ ካጇ በር ላይ ወጥታ ቆመች፣ እኔ ካልሆንኩ ለማንም አትወጣም ነበር።

ለነሱ ነው የሰጠናት። መጠለያው ውስጥ ተከራክረንበታል፣ "እነዛኛዎቹ እኮ ይበልጥ ይወዷታል" ያሉ ነበሩ። ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄው ማን ይበልጥ ይወዳታል ሳይሆን ማን ጋር ነው የምትተነፍሰው የሚለው ነው። ለቤተሰቡ ደግሞ አንድ ሶስት እግር ያለው ወጠምሻ ውሻ ሰጠናቸው፣ ሰው ሲያይ ያብዳል፣ እንግዳ ባይመጣ ነው የሚከፋው፣ አሁን በሰርግ ሳይቀር ይዘውት ይሄዳሉ አሉ። ሁሉም የየራሱን አገኘ።

እንዴት ሰጠሻት ላልሽው ሚሚ፣ አዎ አልቅሻለሁ። ግን አንዷን ባስቀር ቤቴ ሞላ ማለት ነው፣ ቤቴ ከሞላ ቀጣዩ ካጅ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ሀሜት አትበሉኝና፣ ፎስተር ሁሉ የመጀመሪያውን ውሻ አስቀርቶ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው፣ መጠለያዎቹን የሚጎዳው እሱ ነው።

ምንአገባኝ፦

የሶስት እግሩ ፎቶ አለ?

ሁለት_ጆሮ፦

ሃሃሃ መጣህ አይደል። ፎቶ ክር ላይ ፈልግ፣ ጥቁሩ ነው

የዳማ_ቤት፦

ሰላም፣ እዚህ መድረክ አዲስ ነኝ፣ ሁለት_ጆሮ ናት ሊንኩን የላከችልኝ። ቧንቧውን የጠቀስሽብኝ ግን... ለማንኛውም ተሰራ?

ዳማ ደህና ናት። አሁን 19 ኪሎ ተኩል። መጀመሪያ ስትመጣ ያንቺን ብርድ ልብስ ካጁ ላይ እንዳለ አመጣነው፣ ሽታው ስለማይለወጥባት በጣም ነው የረዳን። እኔን ቶሎ ለመደችኝ፣ ባለቤቴን ቆየች፣ ከወንድ ትሸሻለች በተለይ ቆሞ ሲሄድ። እሱ ምንም አላለም፣ ምግቧን የሚሰጠው እሱ ብቻ እንዲሆን አደረግን፣ ጠዋትም ማታም። አሁን የሱ ጫማ ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ ከኔ ቀድማ በር ላይ ናት እኔ ተረስቻለሁ። ያልለቀቃት አለ፣ ቀበቶ ሲፈታ ትደበቃለች፣ መጥረጊያ ስናነሳም። ቀበቶውን ሌላ ክፍል ይፈታል፣ መጥረጊያውን ግን መሬት ላይ አስተኝተን ዙሪያው ስጋ እየበተንን ነው፣ ሳይነሳ ሳይንቀሳቀስ፣ ትናንት ልታሸተው ቀርባ ነበር።

አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። እህቴ ልትቆይ ድመቷን ይዛ ልትመጣ ነው። ዳማ ድመት አይታ አታውቅም መሰለኝ። ምን እናድርግ?

ሚሚ_ድመቷ፦

የኔ ተራ ደረሰ!!! እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ስሚ፣ መጀመሪያ አይገናኙ። ድመቷን አንድ ክፍል ከነሳህኗ ከነአሸዋዋ ዝጊባት፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን። ድመቷ የተኛችበትን ጨርቅ ለዳማ፣ የዳማን ለድመቷ፣ በማሽተት ይተዋወቁ። ከዛ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ይብሉ። ከዛ በሩ በትንሹ ተከፍቶ በመሃል መከላከያ ቆሞ፣ ዳማ በማሰሪያ፣ ዳማ ድመቷን አይታ ወደ አንቺ ከዞረች ትሪት። ፍጥጥ ብላ ሰውነቷ ደርቆ ካየች ተመለሺ ወደ ኋላ። ድመቷ ደግሞ ሁልጊዜ መውጫ ከፍታ ይኑራት፣ መደርደሪያ ምናምን። አደራ ማንም ድመቷን አቅፎ "ተዋወቁ" እንዳይል፣ የሚቧጨረው እሱ ነው።

ዶክ_ጭራ፦

ሚሚ ስራዬን ወሰድሽብኝ። የዳማ_ቤት፣ ሁለት ነገር ከኔ። አንደኛ ወርሃዊውን የልብ ትል መከላከያ አታቋርጡ፣ አንዴ የዳነ ውሻ አንድ ትንኝ ነክሳው እንደገና ይያዛል፣ በሽታው መከላከያ አቅም አይተውም። የማጣሪያውን የደም ምርመራ ቀጠሮም አትርሱ፣ ትሉ ሁሉ ማለቁን የሚነግረን እሱ ነው። ሁለተኛ ማይክሮቺፑ፣ ቆዳዋ ስር ያለችው ትንሽ መለያ። ሰው ጂፒኤስ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ባትሪ የለውም፣ ውስጡ ያለው 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው ማንበቢያ መሳሪያ ሲጠጋው የሚናገር። ቁጥሩ መዝገብ ላይ በስምሽና በስልክሽ ካልተቀየረ ዳማ ብትጠፋ የሚደወለው ለመጠለያው ነው።

የዳማ_ቤት፦

መከላከያውን ስልኬ ላይ በየወሩ እንዲያስታውሰኝ አድርጌዋለሁ። ቺፑን ግን አላየሁትም፣ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ሚሚ በጣም አመሰግናለሁ፣ ለእህቴ አንብቤላታለሁ "ጥቂት ቀን ቆልፈሽ?" ብላ ተቆጥታለች፣ ትለምደዋለች።

ነብሮ77፦

ያ ሁለት ማሰሪያ ያላችሁት፣ ሃርነሱ የደረት ነው የጀርባ? ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው፣ ከመጠለያ አንድ አምጥቶ ነው

ሁለት_ጆሮ፦

ለጎረቤትህ ንገረው፣ ሶስት ቀበቶ ያለው ይግዛ፣ አንዱ አንገት ላይ፣ አንዱ ከፊት እግር ኋላ፣ ሶስተኛው ከጎድን አጥንቱ መጨረሻ ወገቡ የሚቀጥንበት ጋ። ተራው ሃርነስ ውሻው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በትከሻው ይወልቃል፣ ሶስተኛው ቀበቶ ነው የሚይዘው። ደረት ላይ የሚያያዘው ለሚጎትት ውሻ ነው፣ ለሚፈራ አይደለም። ሲገጥም ከቀበቶው ስር ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ ከዛ በላይ ከገባ ላላ።